ከዘር የበቀለ ሰፈርጀል

የመንግሥታት መነሣትና መውደቅ በድንጋይና በብራና ተጽፎ ይገኛል፤ የፍሬ ዛፎች ታሪክ ግን በአብዛኛው የተጻፈው በጓሮ አፈር ላይ ነው። አንዱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ይጥላል፤ ሌላው አንሥቶ ይተክለዋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ዛፉ የአንድ አገር ሀብት ሆኖ ይገኛል። እኛም ከእነዚህ ዛፎች አንዱን፥ ዐረቦች ሰፈርጀል፥ ቱርኮች አይቫ፥ እንግሊዞች ኩዊንስ የሚሉትን መርጠን፥ ከዘር የማብቀሉን ነገር ከታሪኩ ጋራ አያይዘን ለአንባቢያን ልናቀርብ አሰብን።

ሰፈርጀል የፖምና የፒር ዘመድ ነው። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ሽታውም ቤት ይሞላል። ጥሬውን የነከሰ ሰው ግን ጥንካሬውና አፍ የሚይዘው ጣዕሙ ያስመርረዋል፤ ከስኳር ጋራ በቀስታ ሲቀቀል ደግሞ መልኩ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ፍሬውን አይተን የማናውቅ እንኳ ስሙን በየዕለቱ እንጠራዋለን። ፖርቱጋሎች ሰፈርጀልን ማርሜሎ፥ ከእርሱ የሚሠራውንም ጣፋጭ ማርሜላዳ ይሉታል፤ ቃሉ በኢጣልያኖች በኩል ዞሮ ዳቦ ላይ የምንቀባው ማርማላታ ሆኖ ከእኛ ደርሷል።

የዛፉ ወላጅ አገር የካውካሰስ ተራሮችና ሰሜናዊው ፋርስ ነው። ግሪኮች በቀርጤስ ደሴት ባለችው በኪዶንያ ከተማ ስም «የኪዶንያ ፖም» አሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 የአቴና ሹም የነበረው ሶሎን፥ ሙሽራ ወደ ጫጕላ ቤት ከመግባቷ በፊት ከዚህ ፍሬ እንድትቀምስ መደንገጉን ፕሉታርክ ጽፎልናል። በ800 ዓ.ም. ገደማም (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤተ መንግሥት ርስቶች ላይ እንዲተከሉ ከታዘዙት ዛፎች ዝርዝር ውስጥ ሰፈርጀል ተቈጥሯል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በፍሬ ዛፍ ዘንድ ዘር የሚስበው ወደ እናቲቱ ብቻ አይደለም። በአንዲት ፍሬ ውስጥ ያሉት ዘሮች ከአያት ከቅድመ አያት የመጣውን ውርስ በየራሳቸው ድርሻ ይካፈሉታል። ስለዚህ ከመልካም ፍሬ ዘር የበቀለ ዛፍ ትንሽና ጎምዛዛ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከወላጁ የሚበልጥ ይገኛል። በየጓሯችን ከተጣለ ፍሬ የበቀለውን ኮክ ያስተዋለ ይህን አያጣውም። ከቅርንጫፍ የተተከለ ዛፍ ግን ያው እናቲቱ ራሷ ነው። ሰፈርጀልም ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል በቀላሉ ሥር ይሰድዳልና፥ አትክልተኞች ምርጡን ዛፍ በዚሁ መንገድ ሲያባዙት ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ቅርንጫፍ ረጅም መንገድ አይችልም። በ1629 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ቤይ ኩባንያ ወደ አሜሪካ ለሚሻገሩት ሰፋሪዎች የሚላከውን ዕቃ ሲዘረዝር የሰፈርጀልን ዘር በመዝገቡ አስገባ። ያን መስመር የጻፈው እጅ ከዘሩ የሚገኘውን ፍሬ አይቀምሰውም ይሆናል፤ ቢሆንም ጻፈው። እኛ መዝገብ በመጻፍ የምንውል ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን ይነካል።

ከዚያ በኋላ ፈተና መጣ። በ1780 ዓ.ም. ገደማ በኒው ዮርክ፥ በሁድሰን ወንዝ አካባቢ፥ እሳት እንደ ለበለበው ቅጠሉንና ቀንበጡን የሚያጠቍር በሽታ በፍሬ ዛፎች ላይ ታየ። የበሽታው ምንጭ ባክቴሪያ መሆኑን ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ቶማስ በሪል አስረዳ። ሰፈርጀል በዚህ በሽታ እጅግ ተጠቂ ነው። ከአንዲት እናት ቅርንጫፍ የተባዙ ዛፎች ደግሞ ድካማቸውም አንድ ስለ ሆነ፥ አንዱን የጣለው ደዌ ሁሉንም ይጥላል። መዳኛው እንግዲህ ከልዩ ልዩ ዘር መካከል የሚቋቋመውን መፈለግ ነው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው ይህ ሰው፥ የአንድ ተክል ልዩ ልዩ ዓይነት በብዛት የሚገኘው በጥንት መኖሪያው መሆኑን በማመልከት አገራችንን ከታላላቆቹ የእህል መገኛዎች፥ ካውካሰስንም ከሰፈርጀል መገኛዎች ቈጠራቸው። በአሜሪካ በኦሪገን፥ በኮርቫሊስ ከተማ በ1981 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ጣቢያም ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ የሰፈርጀል ዛፎችን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጓሮ እንመለስ። ዘሩ የሚወሰደው በሚገባ ከበሰለ ፍሬ ነው። በልቡ ውስጥ ባሉት አምስት ክፍሎች ብዙ ዘሮች ተደርድረው ይገኛሉ፤ በላያቸውም እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ልጋግ አለባቸው። ዘሩ ሲታኘክ መርዝ ያወጣልና ከልጆች እጅ ይራቅ። ታጥቦ ሳይደርቅ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተደርጎ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በብርድ መቆየት አለበት፤ በወላጅ አገሩ ይህን የሚያደርግለት የክረምቱ በረዶ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የቤት ማቀዝቀዣ ይተካዋል፤ ብቻ ውሃው በረዶ እስኪሆን አይደርስ። ከዚያም በለሰለሰ አፈር ውስጥ በጥልቀት ሳይቀበር ይዘራል። ዛፉ ለማበብም ብርድ ስለሚሻ ቆላ አይስማማውም፤ ፍሬውም የሚታየው ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ ነው።

ጓሮ ያለው ሰው ለራሱ ማዕድ ከታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ቢተክል ብልህነት ነው፤ ለሚመጣው ትውልድ ደግሞ ጥቂት ዘር ቢጨምርበት ደግነት ነው። መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሊሞክሩት ይችላሉ። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዘሩ የመጣበትን ስፍራና የተዘራበትን ቀን በደብተር ጻፉ። በ1629 ዓ.ም. አንድ መስመር ባይጻፍ ኖሮ እኛ ዛሬ ይህን ባልተረክን ነበርና።