ከሚሽካት እስከ አምፖል



ዛሬ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር እያላችሁ ተመልከቱት። ከሁሉ የደመቀው አምፖል የተሰቀለው የት ነው? ልጃችሁ ደብተሩን የሚዘረጋው የት ነው? እናትየው ሽንኩርት የምትከትፈው በየትኛው ብርሃን ነው? የብዙዎቻችን ቤት መልስ አንድ ዓይነት ይመስለኛል። ደማቁ መብራት እንግዳ ሲመጣ በሚከፈተው ሳሎን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ማድ ቤቱ አንዲት የደከመች አምፖል አለችው። ልጁም የራሱ ጥላ ደብተሩ ላይ እያረፈበት ይጽፋል።

ዛሬ ዛሬ በየከተማው የመብራት ዕቃ መሸጫ ሱቆች ሞልተዋል። በኮርኒሱ ዙሪያ የሚለጠፍ ባለ ቀለም የመብራት ገመድ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ ባለ ብዙ አምፖል ጌጥ፣ ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበር ክብ መብራት፣ ምኑ ቅጡ! ቤት የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት መብራት ልግዛ ብሎ ይጨነቃል። የት ላስቀምጠው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቀደም ሲል የነበሩት ሰዎች ደግሞ የሚያስቡት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነበር፤ ምክንያቱም መብራታቸው አንድ ብቻ ነበረች።

ነገሩን ከመዲና እንጀምር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈችው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲሰግዱ እርሷ ከፊት ለፊታቸው ተኝታ ትሆናለች፤ ሱጁድ ሊያደርጉ ሲሉ ነካ ያደርጓትና እግሯን ትሰበስባለች፣ ሲነሱም መልሳ ትዘረጋለች። በዚያን ጊዜ በቤቶች ውስጥ መብራት እንዳልነበረም አያይዛ ትናገራለች። ሐዲሱ በቡኻሪ ሶሒሕ ውስጥ ይገኛል። ልብ በሉ፣ ይህ የአላህ መልእክተኛ ቤት ነው። ያ ሁሉ የሌሊት ሶላት የሚሰገደው በጨለማ ነበር።

ይህ ማለት ግን በመዲና መብራት ጨርሶ አይታወቅም ማለት አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የአንሷሪውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። አንድ የራበው እንግዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይመጣል። በባለቤቶቻቸው ቤት ከውሃ በስተቀር ምንም አልተገኘም። አንድ አንሷሪይ እንግዳውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲወስደው ከልጆቹ ራት በቀር ምንም የለም። ሚስቱ ልጆቹን አስተኝታ ምግቡን አቀረበች። ከዚያም መብራቱን የምታስተካክል መስላ ተነሥታ አጠፋችው። በጨለማው ባልና ሚስት የሚበሉ እየመሰሉ እንግዳው ጠገበ፤ እነርሱ ጾማቸውን አደሩ። በሱረቱል ሐሽር 9ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት መሆኑን እዚያው ሐዲስ ላይ እናገኛለን። እኛ ለእንግዳ ክብር መብራት እናበራለን፤ ያቺ ሴት ለእንግዳ ክብር መብራቷን አጠፋች። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዘዴዋ ነው። የቤቱ መብራት አንድ ስለሆነች፣ እርሷ ስትጠፋ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል።

ስለ መብራት ከተላለፉት ሐዲሶች ብዙዎቻችን የምናውቀው ደግሞ የአይጧን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዝዘዋል። ምክንያቱንም ሲገልጹ አይጥን «ትንሿ አመጸኛ» በሚል ስም ጠርተው፣ የመብራቱን ክር እየጎተተች ቤተሰቡን ልታቃጥል እንደምትችል አስረድተዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ አንዲት አይጥ የሚነድ ክር ጎትታ ነቢዩ በተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጥላ የዲርሃም ያህል ቦታ አቃጥላለች። ወደዚህች አይጥ በኋላ እንመለሳለን።

በመስጊድ መብራት መጀመሪያ ያበራው ከሻም ምድር የመጣው ሶሓቢይ ተሚም አድ-ዳሪ (ረ.ዐ.) መሆኑን ኢብን ማጃህ ዘግበዋል። የዘገባውን ሰነድ የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ብለውታል። ቢሆንም ሻም የወይራ ዘይት አገር ስለሆነ ነገሩ ከታሪኩ ጋር አይጋጭም።

አሁን ወደ እኛው አገር የሚያመጣንን ጉዳይ እንመልከት። በሱረቱን ኑር 35ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ብርሃኑን የመሰለበት ምሳሌ አለ። መብራቷ በብርጭቆ ውስጥ ናት፤ ብርጭቆው በ«ሚሽካት» ውስጥ ነው፤ ዘይቱም የተባረከች የወይራ ዛፍ ዘይት ነው። ሚሽካት ምንድን ነው? ሙፈሲሮች እንደሚሉት በግድግዳ ላይ የተበጀ፣ ወደ ውጭ ያልተበሳ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ኢማሙ ቡኻሪ በሶሒሓቸው የተፍሲር ክፍል ሰዕድ ኢብን ዒያድ ከተባሉት ታቢዒይ ጠቅሰው፣ ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ የግድግዳ ቀዳዳ ማለት እንደሆነ አስፍረዋል። ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢም ከሐበሻ ቋንቋ ጋር ከሚዛመዱት የቁርኣን ቃላት መካከል ቆጥረውታል። በእርግጥ ቁርኣን በጠራ ዐረብኛ የወረደ ስለሆነ እንዲህ ያሉት ቃላት ከመውረዱ በፊት ዐረብኛ ውስጥ ገብተው ዐረብኛ የሆኑ ናቸው ብለው ሊቃውንት አስታርቀውታል።

እናንተ ግን ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። ሚሽካት። መስኮት። ግእዙም አማርኛውም መስኮት ይለዋል። በየቀኑ የምንከፍተውና የምንዘጋው መስኮት! የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር ከመምጣታቸው በፊትም በሁለቱ ባሕር ዳርቻዎች መካከል ሰውና ዕቃ ይመላለስ ስለነበር ቃልም አብሮ ይሻገር ነበር።

ለመሆኑ መብራት በጎድጓዳ ቦታ ለምን ይቀመጣል? ነፋስ አያገኘውም። የልጅ እጅና የሚሮጥ እግር አይደርስበትም። ከኋላውና ከጎኑ ያለው ግድግዳ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ብርጭቆው ደግሞ ነበልባሉ እንዳይዋልል ያደርገዋል። በቆዩት የሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ ቁርኣንና የቤት ጌጥ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ካይሮ የሄደ ሰው በእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም የማምሉኮችን የመስጊድ መብራቶች ያያል። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ፣ አንገታቸው ላይ ይኸው የኑር አንቀጽ በቀለም የተጻፈባቸው ብርጭቆዎች ናቸው። በሰንሰለት የሚንጠለጠሉት ከጣሪያው በጣም ዝቅ ብለው፣ ከሰጋጁ ራስ ብዙም ሳይርቁ ነበር። ጣሪያው ምንም ያህል ከፍ ቢል ብርሃኑ የሚያስፈልገው ታች ላለው ሰው ነውና።

ወደ ፎገራ ሜዳ ልመልሳችሁ። ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው በቁሐር ሚካኤል እኔ ልጅ ሳለሁ የሌሊቱ ብርሃን ምድጃውና ኩራዙ ነበር። ኩራዝ ባዶ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ነው፤ በክዳኑ የቆርቆሮ ቱቦ ይገባና በቱቦው ውስጥ የጥጥ ክር ያልፋል፤ ላምባ ይጠጣል፤ ጭስ ይተፋል። ፋኖስ ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ ይቆጠር ነበር። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ሲተኛበት ላምባ ለመግዛት ወረታ መውጣት ጭንቅ ስለሚሆን ኩራዙ ለራት ሰዓት ብቻ ይበራና ይጠፋል። ሉሕ ይዘን የምንቀራ ልጆች ጭራሮ ለቅመን እናመጣና በእሳቱ ብርሃን ፊደሉን እንለያለን። የምንጽፍበት ቀለምም ከጥላሸት ነበር የሚበጠበጠው፤ ጨለማውን የሚያባርረው እሳት ቀለማችንንም ይሰጠናል ማለት ነው።

አንድ ሌሊት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብሆን ነው፣ ኩራዙን ከራስጌዬ አድርጌ ስቀራ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት አያቴ በቅል ውሃ ስትደፋብኝ ነው። ኩራዙ ተገልብጦ የሰሌኑ ጥግና የፊት ጸጉሬ ተቃጥሏል። አይጥ ትሁን የእኔው ክንድ አላህ ያውቃል። አያቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ቡኻሪን አታውቅም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩራዙን ከግድግዳው ላይ ተቦርቡራ ከተሠራች ትንሽ ጉድጓድ በቀር ሌላ ቦታ እንዳናስቀምጥ ከለከለች። ከዓመታት በኋላ የኑርን ምዕራፍ ተፍሲር ስቀራና ሸኽዬ ሚሽካትን ሲያስረዱኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ያች በጥላሸት የጠቆረች ጉድጓድ ነበረች።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1898 ቤተ መንግሥታቸውን ለማብራት ባስመጡት ጄኔሬተር ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግን ለረዥም ዓመታት ትልልቆቹ ሽቦዎች በገጠሩ ሰው ራስ ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው ኩራዝ ይበራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ተመረቀ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ። በዚህ መካከል አምፖሉም ተለወጠ። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ያሳየው ዓይነት ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል። የዛሬው ኤል.ኢ.ዲ. ግን የ60 ዋቱን ብርሃን ከ10 ዋት ባነሰ ይሰጣል። ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ ያስቻለውን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. የሠሩት ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በፀሐይ የሚሞላው ትንሽ የእጅ መብራትም ኩራዙን ከብዙ ቤት አስወጥቷል፤ አልሐምዱሊላህ።

አይጧስ? አይጧ አልሄደችም። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ቤት ውስጥ በጆንያ ሲከመር አይጥ ይከተለዋል። ብዙዎቻችን ደግሞ ኮርኒሳችንን የምንሠራው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ነው። ከዚያ ከረጢት በላይ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ገመዶች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። አይጥ የገመድ ልባስ ትቆረጥማለች፤ ሁለት ራቁት ሽቦዎች ይነካካሉ፤ ከረጢቱ እንደ ክብሪት ይያያዛል። ክር ጎታቿ አይጥ ዛሬ ሽቦ በሊታ ሆናለች ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ቀለሙን የመብራት ገመድ ለማስለጠፍ የምትከፍሉትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ለማስገባትና ቆጣሪው አጠገብ ደህና ማቋረጫ ለማስተከል አውሉት። ይህን በመለመን ጭምር እናገራለሁ።

ከዚያ ወደ አቀማመጡ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም በካይሮ በጻፈው ኪታቡል መናዚር፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ስለሚወጣ ሳይሆን ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረድቷል። ይህን ከተረዳን የቤታችንን ስሕተት እናገኘዋለን። እኛን የሚጠቅመን ከገጹ ላይ አርፎ ወደ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን ነው፤ አምፖሉ ራሱ ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ግን ያጥበረብራል። በቀኙ የሚጽፍ ልጅ መብራቱ ከግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ አያስቸግረውም። በማድ ቤት መብራቱ ከሠሪዋ ጀርባ ከሆነ ድስቱ ላይ የሚያርፈው የእርሷው ጥላ ነው፤ ከፊቷ ካለው ግድግዳ ላይ ይሁንላት። ግድግዳውንም ኖራ ቀቡት፤ በጭስ የጠቆረ ግድግዳ የሰጣችሁትን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ 2700 የሚል ቁጥር ካያችሁ ብርሃኑ እንደ ፋኖስ ሞቅ ያለ ነው፤ ለመኝታ ቤት ይስማማል። 6500 የሚለው እንደ ቀትር ሰማይ ነጭ ነው።

እኔም ይህን ጽሑፍ ስጀምር የራሴን ቤት ዞሬ አየሁ። ባለቤቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስር የምትለቅመው ደጅ ወጥታ፣ ሳይመሽ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማድ ቤት ውስጥ ጠጠሩ አይታያትም። ጠይቄያትም አላውቅም። ከሳሎኑ ሁለት አምፖሎች አንዱን ነቅዬ ከምድጃው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ተከልኩላት፤ ገመዱን ባለሙያ በቱቦ አስገባው። ለትንሹ ልጄም ከጠረጴዛው ግራ በኩል ከግድግዳው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አበጀሁና የእጅ መብራቱን እዚያ ያስቀምጣል። ስሟን ሚሽካት ብሎ ጠራት። አሁን ሳሎኑ ደብዘዝ ብሏል። ባለፈው ሳምንት የመጡ እንግዳ መብራት ተቃጠለባችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «አልተቃጠለም፣ እዚህ መጥቷል» አለቻቸው።