በባንኩ ደጅ አቤት ያሉ ሰዎች

የዓለም ባንክ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን ብድር የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው። ጊዜው መስከረም 1943 ዓ.ም ነበር፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ። መንገዱ ማሳውን አቋርጦ ያለፈበት ገበሬ ቅር ቢለው የሚሄድበት ደጅ ነበረው፤ መጀመሪያ ምስለኔው፣ ከዚያ ወረዳው፣ ሁሉም ቢያሳፍረው አዲስ አበባ ወጥቶ ዙፋን ችሎት። ጉዳዩ ዓመታት ሊጎተት ይችላል፤ ደጅ ጠኚው ስንቁን ጨርሶ ዘመድ ቤት ይከርማል። ቢሆንም ንጉሡ ፊት ቆሞ “አቤት” ማለት የታወቀ ሥርዓት ነበር። ገንዘቡን ያበደረው ባንክ ግን ችሎት አልነበረውም። ውሉን የሚፈራረመው ከመንግሥት ጋር ነው፤ ከገበሬው ጋር የሚያገናኘው አንድ ወረቀት እንኳ የለም። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የተባለው ለንጉሥ ቢሆንም፣ ከንጉሡ ይበልጥ የሠራው ለባንኩ ነው።

እኔ የምተዳደረው በማስተርጎም ነው። ጎብኚዎች፣ አማካሪዎችና መርማሪዎች ገጠር ሲወርዱ በእነሱና በገበሬው መካከል የምቆም ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ መከታተል የጀመርኩትም በሥራዬ ምክንያት ነው፤ ባንኩ የአቤቱታ ደጅ እንዲከፍት ያስገደዱት ሰዎች እነማን እንደነበሩ፣ ቃላቸውንስ ማን እንዳደረሰላቸው ማወቅ ፈለግሁ።

መነሻው ህንድ ነው። ናርማዳ ከመካከለኛው ህንድ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚፈስ፣ ሂንዱዎች እንደ ቅዱስ የሚያዩት ወንዝ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ሳርዳር ሳሮቫር የተባለውን ግድብ ለመሥራት ጃዋሃርላል ኔህሩ እ.ኤ.አ. በ1961 የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ጉጃራት፣ ማሃራሽትራና ማድያ ፕራዴሽ የተባሉት ግዛቶች በውሃው ክፍፍል ተካሰሱ። ነገሩን የያዘው የዳኝነት ጉባኤ ውሳኔ የሰጠው በ1979 ነው። የዓለም ባንክ በ1985 450 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ጉባኤው ደግ ነገርም ወስኖ ነበር፤ እርሻው በውሃ የሚዋጥበት ባለ ይዞታ በገንዘብ ፈንታ ምትክ መሬት እንዲያገኝ። ችግሩ ባለ ይዞታ የሚባለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በሸለቆው ተራሮች የሚኖሩት፣ አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የሚያርሱት መሬት በመንግሥት መዝገብ የደን ክልል ተብሎ ተጽፏል። እነሱም በገዛ ማሳቸው ላይ ሕገወጥ ሰፋሪዎች ሆነው ተቆጠሩ። የግድቡ ቦዮች መሬታቸውን የሚቆርሱባቸው ገበሬዎች ደግሞ ከነጭራሹ ተነሺ አልተባሉም። እኛ አገር የልማት ተነሺ ሆኖ ካርታ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ያየ ሁሉ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ለእኔ ዋናው ጥፋት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። አንድም ቤት በውሃ ሳይነካ፣ አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ብዙ ሺህ ሰው በመዝገብ ላይ እንደሌለ ተደርጎ ነበር። ባንኩም ይህን ሳያጣራ ፈረመ።

ሜዳ ፓትካር የተባለች ወጣት የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ በ1985 ወደ ሸለቆው ገባች። ከመንደር መንደር በእግሯ እየዞረች ሰዎቹ ስለ ግድቡ ምን እንደተነገራቸው ትጠይቅ ጀመር፤ የአብዛኛው መልስ “ምንም” ነበር። ከዚህ ጥያቄ ናርማዳ ባቻኦ አንዶላን የተባለው ንቅናቄ ተወለደ። በ1989 ፓትካር ዋሽንግተን ሄዳ በአሜሪካ ኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ፊት መሰከረች። በ1990 መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸለቆው ሰዎች ወደ ግድቡ ለመድረስ ረጅም ጉዞ ወጡ። በጉጃራት ወሰን ላይ ፖሊስ አገዳቸው፤ እነሱም እዚያው ሰፈሩ። ፓትካርና ጓዶቿ ከ20 ቀናት በላይ የረሃብ አድማ አደረጉ። ባንኩም በ1991 ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። የራሱን ፕሮጀክት የሚመረምሩ የውጭ ሰዎች ሰየመ።

የመርማሪዎቹ ሊቀመንበር ብራድፎርድ ሞርስ ነበሩ። ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ በ1977 ዓ.ም ረሃብ ዘመን የተባበሩት መንግሥታት ለአፍሪካ ያቋቋመውን የአስቸኳይ እርዳታ ቢሮ የመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ምክትላቸው ካናዳዊው ቶማስ በርገር ወደ ገጠር ወርዶ ሰው መስማት የሚያውቁ ዳኛ ነበሩ። ቡድኑ በመንደሮቹ ዞረ፣ ሰነዶችን አገላበጠ፣ ከባለሥልጣናትም ከተቃዋሚዎችም ቃል ተቀበለ። ሰኔ 1992 ያቀረበው ሪፖርት አልተለሳለሰም፤ ተነሺዎቹን ባለው ሁኔታ በአግባቡ ማስፈር አይቻልም፣ በአካባቢ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም በቅጡ አልተጠናም፣ ስለዚህ ባንኩ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ይመለስ አለ። ባንኩ አልተመለሰም። በጥቅምት ዳይሬክተሮቹ አሜሪካ፣ ጃፓንና ጀርመን እየተቃወሙ ብድሩ በቅድመ ሁኔታ እንዲቀጥል ወሰኑ። መጋቢት 1993 ላይ የህንድ መንግሥት ራሱ ቀሪውን 170 ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም አለ፤ ግድቡንም በራሱ ገንዘብ ቀጠለ።

በዚያ ክረምት ውሃው ወደ ማኒቤሊ ቀረበ። ማኒቤሊ በማሃራሽትራ በኩል ከሁሉ በፊት ጎርፉ የሚያገኛት መንደር ናት። ነዋሪዎቿ “እንሰምጣለን እንጂ ንቅንቅ አንልም” እያሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። የባንኩ ብድር ቢቋረጥም ለእነሱ የቆመላቸው ነገር አልነበረም።

ዋሽንግተን ውስጥ ግን የናርማዳ ነገር አልበረደም። አሜሪካ ለባንኩ የምታዋጣውን ገንዘብ የሚያጸድቀው የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ባርኒ ፍራንክ፣ ተጎጂዎች የሚያመለክቱበት ነጻ አካል ካልተቋቋመ መዋጮውን እንደሚይዙ አስታወቁ። መስከረም 22 ቀን 1993 የባንኩ ቦርድ ኢንስፔክሽን ፓነል የሚባለውን የምርመራ አካል አቋቋመ። ሦስት አባላት አሉት። በፕሮጀክት የተጎዱ ሁለት ሰዎች እንኳ ቢሆኑ በፈለጉት ቋንቋ ደብዳቤ ጽፈው ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ በፊት በየትኛውም ዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋም እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው አቤቱታ በ1994 ከኔፓል መጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም ባንኩ አሩን ከተባለው ግድብ ወጣ። ሌሎቹ የልማት ባንኮችም አንድ በአንድ ተመሳሳይ አካል አቋቋሙ።

ይሁንና ፓነሉ ፍርድ ቤት አይደለም። የሚመረምረው ባንኩ የራሱን ደንብ አክብሯል ወይስ አላከበረም የሚለውን ብቻ ነው። ካሳ አይፈርድም፣ መንግሥትን አይከስም፣ ግኝቱንም የሚያቀርበው ለባንኩ ቦርድ ነው። ሌላም መራራ ነገር አለ፤ የናርማዳ ሰዎች ራሳቸው ባስከፈቱት ደጅ መግባት አልቻሉም፤ የእነሱ ብድር አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ138 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተመረቀ።

የፓነሉ ደጅ እኛ አገር የታወቀው በጋምቤላ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ፤ በምትኩ በ1998 ዓ.ም የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ በኩል ወደ ወረዳ እየወረደ የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞችን ደመወዝ ይሸፍን ነበር። ፕሮግራሙ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ያስከፈተ ነው። በ2003 ዓ.ም ግን በጋምቤላ የመንደር ማሰባሰብ ተጀመረ። በሦስት ዓመት ውስጥ 45,000 አባወራዎችን ወደ አዳዲስ መንደሮች የማዛወር ዕቅድ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ወፍጮና ውሃ ይሟላላችኋል ተባለ። በባሮና በሌሎቹ ወንዞች ዳር ጎርፉ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት በቆሎ የሚዘሩ አኙዋኮች ግን በግድ ተነሳን፣ የተባለውም አልጠበቀንም አሉ።

መስከረም 2005 ዓ.ም በኬንያና በደቡብ ሱዳን ስደት ላይ የነበሩ 26 አኙዋኮች ስማቸው እንዲደበቅላቸው ጠይቀው ለፓነሉ አመለከቱ። ክርክራቸው ረቂቅ አልነበረም። ሰው እንዲያነሱ የታዘዙት የወረዳ ሠራተኞች ናቸው፣ ደመወዛቸው የሚሸፈነው ደግሞ በባንኩ ገንዘብ ነው። የባንኩ ኃላፊዎች ሁለቱ የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፣ አይገናኙም ብለው መለሱ። ፓነሉ በ2006 ዓ.ም ጋምቤላ ድረስ ሄዶ አየ፤ በሪፖርቱም ሁለቱ በአሠራር የተያያዙ እንደሆኑና ባንኩ ይህ የሚያስከትለውን አደጋ እንደ ደንቡ እንዳላጠና ገለጸ። ማፈናቀሉ በግድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ግን ሥልጣኔ አይደለም ብሎ ተወው። ቦርዱ ሪፖርቱን የተወያየበት የካቲት 2007 ዓ.ም ነው። የተዘጋጀው የማስተካከያ ዕቅድም የሚያወራው ስለ መጪዎቹ ፕሮግራሞች ነበር። መጠለያ ላሉት አመልካቾች መሬታቸውን የሚመልስ ነገር አልነበረውም።

በሚቀጥለው ወር፣ መጋቢት 2007 ዓ.ም፣ በጋምቤላው ጉብኝት የፓነሉ አስተርጓሚ የነበረው ሰው ናይሮቢ ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ ስብሰባ ለመካፈል ሲነሳ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ተያዘ። ከወራት በኋላ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሰ፤ የክስ ወረቀቱም ለፓነሉ ያስተረጎመ መሆኑን ጠቅሷል። ይህን ዜና ሳነብ ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ። መርማሪው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አመልካቹ ስሙ ተሰውሯል፤ አስተርጓሚው ግን ሁሉም ሰው እያየው፣ በሁለቱም ወገን መካከል፣ በገዛ ድምፁ ይናገራል።

በአንድ የመስኖ ፕሮጀክት ምክክር ላይ የገጠመኝ አለ። አንዲት እናት ስለ ምትክ መሬቱ ተጠይቀው ዝም አሉ። “እማማ፣ አይፍሩ፣ ይናገሩ” አልኳቸው። “ልጄ፣ እኔ የምለውን አንተ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ እነዚህም ይሄዳሉ። ቀበሌው ግን ከእኔ ጋር እዚሁ ነው የሚያድረው” አሉኝ። እንዳሉት አድርጌ አስተረጎምኩ። የውጭው ባለሙያ በማስታወሻው ጻፈ። ከኋላው የተቀመጠው የወረዳው ሰውም ጻፈ።

ፓነሉ በ2016 እ.ኤ.አ. በአመልካቾችና በተባባሪዎቻቸው ላይ የሚደርስ በቀልን ለመቀነስ የሚያገለግል መመሪያ አወጣ። የጋምቤላው እስር ለዚህ ድርሻ እንደነበረው አልጠራጠርም። መመሪያው ጥሩ ነው፤ ሰው ከመጠየቁ በፊት አደጋው ይመዘን፣ ስም ይጠበቅ ይላል። ግን ፓነሉ እስረኛ ፍታ ብሎ የሚያዝዘው ፖሊስ የለውም። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባንኩ እህት ድርጅት የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ፍጹም ያለመከሰስ መብት የለውም ብሎ በ7 ለ1 ድምፅ ሲወስን ብዙዎች ደስ አላቸው፤ ከሳሾቹ አሁንም ከጉጃራት የመጡ ናቸው፤ በሙንድራ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ የተጎዱ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች። የሥር ፍርድ ቤቶቹ ግን ድርጊቱ የተፈጸመው አሜሪካ አይደለም ብለው መዝገቡን ዘጉት።

አሁን ለእንዲህ ያለ ሥራ ስጠራ ከውሎ አበል በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ስሜ በየትኛው ሰነድ ላይ ይጻፋል? በስብሰባው ላይ ከወረዳ ማን ይቀመጣል? ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ብታሰር ጠበቃ የሚያቆምልኝ ማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ መልስ አገኛለሁ። ሦስተኛውን ግን “ከበላይ ጠይቀን እንመልስልሃለን” ይሉኛል፤ እኔም መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ውሉን አልፈርምም።