«ከፍሎራይድ ነፃ» የጥርስ ሳሙና እንደሚባለው ነው?

ቲክቶክ ላይ ጥቂት ቪዲዮ ወደ ላይ ከገፋችሁ አንዱ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ መሆኑ አይቀርም። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ከፍሎራይድ ነፃ ነው፣ በሰባት ቀን ያነጣል፣ መቦርቦር ያቆማል»። ኔትወርክ እስካለ ድረስ አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን አምደወርቅ ያለውም ያያል። «ነፃ» ሲባል ደግሞ ጥሩ ነገር ይመስላል። ከምን ነፃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸው፦ ይህ ሳሙና ጥርስ ያጸዳል፣ የአፍ ጠረንም ያሻሽላል። ጥርስ እንዳይቦረቦር በመከላከል ግን አብዛኛው ፍሎራይድ ካለው ጋር አይወዳደርም።

ለምን? ጥርስ ሲቦረቦር «ትል በላኝ» እንላለን፤ ትል ግን የለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፣ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ማዕድን እያሟሟ ይሸረሽረዋል። ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የምንኮራበት የዋግ ማርም ሳይቀር ለባክቴሪያው ያው ስኳር ነው። ምራቅ የተሸረሸረውን ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ፍሎራይድ ይህንን ጥገና ያፋጥናል፣ የተጠገነውም ክፍል አሲድን የበለጠ እንዲቋቋም ያደርጋል።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 የ70 ጥናቶችን ውጤት ደምሮ አይቶ ነበር። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በልጆችና በታዳጊዎች ላይ መቦርቦርን በአማካይ በ24 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ እውነተኛ መነሻ አለው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂና መተሐራ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ይሆናል፤ ሲብስም አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰቦች ላይ የደረሰው ይህ ነው፣ በጥናትም ተመዝግቧል።

ልብ በሉ፣ ያንን ጉዳት ያመጣው በየቀኑ የሚጠጣ ውሃ ነው። ሳሙና ተፋቅቶበት ይተፋል። ዋግ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለም፣ የተከዜ ተፋሰስ ነው። ጥርስ ላይ የሚወጣው ቡናማ ምልክትም የሚፈጠረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያደገ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው በመፋቅ አያመጣውም።

«የልጅ አእምሮ ይጎዳል» የሚለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ በልጆች ላይ ከዝቅተኛ የአእምሮ ምዘና ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ «ውሃ» የሚለውን ቃል አውጥተው «ሳሙና» አስገቡበት።

ማንጣትስ? ከሰል ያለባቸው ሳሙናዎች ላይ ላዩን ያለ የሻይና የቡና ቀለም ይፈገፍጉ ይሆናል። ሸካራ ከሆኑ ግን ከቀለሙ ጋር ሽፋኑንም ይዘው ይሄዳሉ፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አያድግም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ግምገማ ከሰል እንደሚያነጣም ሆነ ጉዳት እንደሌለው በቂ ማስረጃ አላገኘም። እግረ መንገዴን፦ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው አረንጓዴ ወይም ጥቁር መስመር «ተፈጥሯዊ» ወይም «ኬሚካል» ማለት አይደለችም። ማሽኑ ቱቦውን የት እንደሚቆርጥ የምታሳይ ምልክት ናት፤ ይህን የሚያወራ ቪዲዮ ቢመጣ እለፉት።

አንድ ሚዛናዊ ነገር ልጨምር። ፍሎራይድ ሳይኖራቸው ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል፣ ጥርስ ራሱ የተሠራበት ዓይነት ማዕድን ያለባቸው ሳሙናዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ አዋቂዎችን ለ18 ወር የተከታተለ ጥናት ከፍሎራይድ የማያንስ ውጤት አይቷል። ማስረጃው ከፍሎራይድ ጋር ሲተያይ ገና ትንሽ ነው፣ ግን ባዶ ወሬ አይደለም። የከሰሉና የቅጠላ ቅጠሉ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

መፋቂያ የምትጠቀሙም አትተዉት። ወይራም ሆነ ክትክታ በደንብ ከታኘከና በየጥርሱ መሃል ከገባ ቆሻሻውን ያነሳል፤ የድድ መድማት የሚቀንሰውም ዋናው በዚህ ነው። በተቻለ መጠን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ጨምሩበት።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን አዙሩት። ፍሎራይድ የሚለው ቃል ከነቁጥሩ፣ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም፣ መኖሩን እዩ፤ የሚያበቃበትን ቀንም እንዲሁ። ውድ መሆን የለበትም፣ ርካሹም ቁጥሩ ካለው ይበቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል፤ እንዳይውጡት አጠገባቸው ሁኑ። ፍቃችሁ ስትጨርሱ ትፉት እንጂ ወዲያው በውሃ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል።

ቀዳዳ የወጣበትን ጥርስ ግን የትኛውም ሳሙና አይሞላውም፣ ማስታወቂያው ምንም ቢል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም አፍ መክፈትና መዋጥ ካቃተ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።