የቤንጋል ገበሬና የባሕሩ ክትር

ባንግላዴሽ ስሟ በሬዲዮና በጋዜጣ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በጎርፍና በአውሎ ነፋስ ሳቢያ ነው። ዜናው የሞተውን ይቆጥራል፣ ቤቱ የፈረሰበትን ይቆጥራል፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ዜና ይተካል። የሰማ ሰው ሁሉ ግን «እነዚህ ወገኖች ባሕሩን ለምን በክትር አይከልሉትም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ከልለውታል። ዛሬ ካለባቸው መከራ አንዱ የመጣውም ከዚያው ከክልሉ ነው። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላልና ከሥሩ እንየው። (ዘመናቱ ሂጅራ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና መግና የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ከሂማላያ ተራሮች እየጠረጉ በየዓመቱ 1 ቢሊዮን ቶን የሚያህል ደለል ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ያወርዳሉ። የባሕሩ ዳርቻ አገር የተሠራው ከዚህ ጭቃ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ደለል ያዘለውን ውሃ በወንዞቹ አፍ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃው በረግረጉ ላይ ተንጣሎ ሲያርፍ ጭቃውን ይጥላል፣ ሲጎድል ቀለል ብሎ ይመለሳል። ረግረጉም በዚህ ዓይነት ከዓመት ዓመት ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የሱንደርባን የማንግሮቭ ደን የቆመው በዚሁ ጭቃ ላይ ነው። ሕንድና ባንግላዴሽ የሚካፈሉት ይህ ደን ስፋቱ 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው በባንግላዴሽ በኩል ይገኛል።

ወደዚህ ደን ጠርዝ ገብተው አገር ካቀኑት ሰዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው ኡሉግ ኻን ጀሃን ነው። ይህ ሰው በ15ኛው መቶ ዘመን በቤንጋል ሱልጣኖች ዘመን የነበረ ሹም ነው። ሕዝቡ ግን በሹመቱ ሳይሆን በወሊይነቱ ያስታውሰዋል። ዛሬ ባገርሃት በምትባለው ቦታ ኸሊፋታባድ የተባለች ከተማ መሠረተ፤ ጫካ አስመነጠረ፣ መንገድ አስነጠፈ፣ መስጊዶች አሠራ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ኩሬዎቹ ናቸው። የወንዙ ውሃ ጨው በሆነበት አገር ሰው የሚጠጣው ከየት ያገኛል? ኻን ጀሃን ሰፋፊ ኩሬዎችን አስቆፍሮ የዝናብ ውሃ አጠራቀመ፤ ከኩሬው የወጣው አፈርም ለመንገድና ለቤት መሠረት ከፍታ ሆነ። ያሠራው ትልቁ መስጊድ «ባለ 60 ጉልላት» ይባላል፤ ቆጥሮ ለሚያይ ግን ጣሪያው ላይ ያሉት ብቻ 77 ናቸው። 60ዎቹ ከውስጥ ያሉት ምሰሶዎች ናቸው። ኻን ጀሃን በ863 ዓመተ ሂጅራ (1459) አረፈ። ከመቃብሩ አጠገብ ባለው ኩሬ ውስጥ ለብዙ ዘመን አዞዎች ይኖሩ ነበር፤ ለዚያራ የሚሄደው ሰውም ዶሮ ይወረውርላቸው ነበር። (ይህ ልማድ ከዲን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለዑለማ እንተወው።)

እስልምና በምሥራቅ ቤንጋል ከገጠሩ ሕዝብ ጋር የተዋሐደበትን መንገድ ያጠኑ የታሪክ ሊቃውንት፣ ጫካ መንጥሮ ሩዝ ማብቀልና መስጊድ መትከል በአንድነት የተጓዙ ሥራዎች እንደነበሩ ጽፈዋል። ሰይፍ ብቻውን ያን ያህል ገበሬ አላሰለመም። ሸኹ መሬቱን ያቀናል፣ ደረሶቹና ገበሬዎቹ በዙሪያው ይሰፍራሉ፣ መስጊዱ የመንደሩ መሐል ይሆናል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ባሕሩን እንዴት ቻሉት? «አሽቶማሺ ባንድ» በሚሉት ዘዴ ነበር፤ ትርጉሙ «የስምንት ወር ክትር» ማለት ነው። ክትር ስንል ወንዝ አቋርጦ ውሃ የሚያጠራቅመውን ግድብ ማለታችን አይደለም፤ በወንዙ ዳር ለዳር ተከትሎ ውሃ ወደ እርሻ እንዳይገባ የሚከላከለውን የአፈር ቁልል ማለታችን ነው። ገበሬዎች በየዓመቱ በዘሚንዳሩ (በባላባቱ) አስተባባሪነት ዝቅ ያለ ክትር ይሠራሉ፤ ከእንጨት የተሠራ የውሃ መውጫ ያበጁለታል። ክትሩ ስምንት ወር ያህል የጨዉን ውሃ ከሩዙ ያግዳል። በቀሩት ወራት ተከፍቶ ባሕሩ ይገባል፣ ደለሉን ይጥላል፣ መሬቱን ከፍ ያደርጋል። የቀረውን ጨው የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ይፈርሳል፣ በየዓመቱ ይሠራል። ዳሩ ግን ሰዎቹ ከባሕሩ ጋር ተራ ገብተው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ብዙዎቹ ዘሚንዳሮች ወደ ሕንድ ሄዱ። በ1950 ደግሞ ዘሚንዳርነት በሕግ ተሻረ። ለጭሰኛው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን ክትሩን የሚያስተባብር አልተተካም። በ1954ና በ1955 ከባድ ጎርፍ በተከታታይ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቀድሞውን የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጁሊየስ ክሩግን መሪ አድርጎ የባለሙያዎች ጓድ ላከ፤ ጓዱም በ1957 ሪፖርቱን አቀረበ። በ1959 የምሥራቅ ፓኪስታን የውሃና የኃይል ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶም በአሜሪካ እርዳታ ታላቁ የባሕር ዳርቻ ክትር ሥራ ተጀመረ። ዙሪያውን በክትር የታጠረውን መሬት በሆላንድ ቃል «ፖልደር» አሉት። ውሎ አድሮ ቁጥራቸው 139 ደረሰ፤ የክትሩም ርዝመት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በለጠ። ይህ ክትር የስምንት ወር አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ ነው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ክትሩ በመጀመሪያዎቹ 15 እና 20 ዓመታት ገበሬውን ጠቅሟል። ጨው ያበላሸው የነበረው ማሳ ሩዝ ሰጠ፣ በፊት አንዴ ይታጨድ የነበረው ሁለቴ የታጨደበት ቦታም ነበር። መሐንዲሶቹም ገበሬውን ሊጎዱ አልመጡም። የአሽቶማሺን ምሥጢር ከገበሬው ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ግን አብሯቸው አልነበረም።

ክትሩ የተሠራው የዘወትሩን የባሕር ሙላት ለመከላከል እንጂ ለአውሎ ነፋስ አልነበረም። ይህም በ1970 ኅዳር ታየ። ወሩ ረመዷን ነበር፤ የጨረቃዋ ወር ወደ እኩሌታው ተቃርቦ ባሕሩ ከወትሮው ይበልጥ የሚሞላበት ሰዓት። በ12ኛው ሌሊት አውሎ ነፋሱ ከ6 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ገፍቶ በቦላ ደሴትና በአካባቢዋ ላይ አፈሰሰው። ሱሑር ሊበላ የተኛው ቤተሰብ ከነቤቱ ሄደ። የሟቾቹ ቁጥር ከ300,000 እስከ 500,000 ይገመታል፤ ታዙሙዲን በተባለችው ወረዳ ከ167,000 ነዋሪ 45 በመቶ የሚሆነው አለቀ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። የፓኪስታን መንግሥት እርዳታ በመዘግየቱ የተቆጣው ሕዝብ በታኅሣሥ ምርጫ ድምፁን ሰጠ፤ በዓመቱ ባንግላዴሽ ነፃ አገር ሆነች።

ከ1972 ጀምሮ የማስጠንቀቂያ ሥራ በበጎ ፈቃደኞች ተደራጀ፤ የመጠለያ ሕንፃዎችም ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ የመስጊዶች ድምፅ ማጉያ ሳይቀር «ወደ መጠለያ ሂዱ» እያለ ይጣራል። በሚያዝያ 1991 ቺታጎንግ አካባቢ እንደገና 138,000 ያህል ሰው ሞተ። እዚያ አጠገብ ያለው የቻካሪያ የማንግሮቭ ደን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ለሽሪምፕ እርባታ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። በኅዳር 2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን የሟቾቹ ቁጥር ወደ 3,400 ነበር። ማስጠንቀቂያው፣ መጠለያው፣ እንዲሁም ግፊቱን በፊት ለፊት የተቀበለው የሱንደርባን ደን ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ማንግሮቭ ማዕበሉን ጨርሶ አያቆመውም፤ ጉልበቱን ግን ይሰብረዋል። የደን መሥሪያ ቤት ከ1966 ጀምሮ ከክትሩ ውጭ ባለው ጭቃ ላይ ማንግሮቭ ሲያስተክል የቆየው ለዚህ ነው።

ሌላው ጉዳት ድምፅ የሌለው ነው። ክትሩ ውሃውን ሲያግድ ደለሉንም አገደ። መግቢያ ያጣው ደለል ከክትሩ ውጭ በወንዙ ወለል ላይ ተከመረ፤ ወንዙ ከፍ አለ፣ ጠበበ። ከክትሩ ውስጥ ያለው መሬት ግን አዲስ ጭቃ ስለማያገኝ እየተጠቀጠቀ ዝቅ አለ። በ1980ዎቹ የክረምት ዝናብ በፖልደሩ ውስጥ እንደ ገበቴ ውሃ ቆመ፤ መውጫው በደለል ተዘግቷልና። በኩልና እና በጀሶር አውራጃዎች «ቤል» የሚባሉት ጎድጓዳ ሜዳዎች ሐይቅ ሆኑ። ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ ሳይቀር ውሃ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ የሽሪምፕ ነጋዴዎች ክትሩን እየቀደዱ የጨው ውሃ ወደ ድሃው ማሳ ያስገቡ ጀመር፤ ይህን በመቃወም በ1990 ሰልፍ ስትመራ የተገደለች መሬት አልባ ሴትም ነበረች።

በዚያው ዓመት በቤል ዳካቲያ ገበሬዎቹ ክትሩን በገዛ እጃቸው ቆረጡት። በ1997 ጥቅምት ደግሞ የቤል ብሃይና ሰዎች የሃሪን ወንዝ ክትር ቆርጠው ባሕሩን አስገቡ። መሐንዲሶች ይህን ሕገወጥ ብለውት ነበር። ቤሉ እስከ 2001 ክፍት ሆኖ ቆየ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲለካ የቤሉ መሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በተቆረጠው አፍ አጠገብ ደግሞ ከዚያም በላይ። እየገባ እየወጣ የሚሮጠው ውሃ የሃሪን ወንዝ ወለል ጠርጎ ጥልቅ አደረገው፤ ከላይ በኩል የታገደውም የዝናብ ውሃ መፍሰሻ አገኘ። መንግሥትም ዘዴውን ተቀብሎ «የሙላት ወንዝ አያያዝ» የሚል ስም ሰጠው። አዲስ ስም የወጣለት አሮጌው አሽቶማሺ ነበር።

ሳይንቲስቶችም ዘግይተው መሰከሩ። በ2015 በታተመ ጥናት መሠረት 32ኛው ፖልደር ክትር ከሌለው ከአጠገቡ ካለው የሱንደርባን ረግረግ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ በግንቦት 2009 ያንኑ ክትር ሰብሮት መሬቱ ሁለት ዓመት ያህል በውሃ ሲተኛ ሕዝቡ በክትሩ ጀርባ ላይ በላስቲክ ዳስ ኖረ። ውሃው ሲወጣ በማሳው ላይ በአማካይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አዲስ ደለል ነበር።

እንግዲህ በየቤሉ ተራ በተራ መክፈት ነው መፍትሔው ቢባል አስቸጋሪው ጥያቄ ይመጣል። ቤሉ ሲከፈት ማሳው ለዓመታት ውሃ ነው፤ ጥቅሙ ደግሞ ለአካባቢው ሁሉ ነው። ከ2006 ጀምሮ በምሥራቅ ቤል ኩክሺያ ሲሠራ ለባለመሬቶቹ ካሣ እንደሚከፈል ተነግሮ ነበር። ብዙዎቹ ወይ ዘግይቶ ደረሳቸው፣ ወይም የአባታቸው የመሬት ወረቀት በስማቸው ስላልዞረ አልደረሳቸውም። ቀጣዩ ተራ የቤል ካፓሊያ ነበር። በ2012 ሹማምንትና ሠራተኞች ሥራውን ሊጀምሩ ሲመጡ የካፓሊያ ገበሬዎች «በኩክሺያ ያየነው ይበቃናል» ብለው መንገዱን ዘጉ፤ ግጭት ተነሳ፣ ሥራውም ቆመ። ወንዙ እንደገና በደለል ተሞላ፤ ከላይ ያሉት የጀሶር መንደሮችም ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋቸውን በጡብ ላይ ከፍ አድርገው ይተኛሉ።