ርስቱ የእሷ፣ ሞፈሩ የእሱ

በበጌምድር ደጋ ሴት ልጅ መሬት ትወርስ ነበር። ከእናቷም ወገን ከአባቷም ወገን ይደርሳታል፤ ወንድሞቿ ቢያስቀሩባት ዋስ ጠርታ፣ ምስክር አቁማ ዳኛ ፊት ትሟገታለች። ስታገባ ርስቷን ይዛ ትገባለች፣ ስትፈታ ይዛው ትወጣለች። የደብረ ታቦር፣ የእስቴ፣ የጋይንትና የፎገራ ሴቶች ይህን መብት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በእንግሊዝ አገር ባለትዳር ሴት በገዛ ስሟ ንብረት እንድትይዝ ሕጉ የፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ1882 መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ የደጋዋ ባለርስት በዘመኗ ምን ያህል ከፍ ያለ ቦታ እንደነበራት ይረዳል።

ችግሩ ሞፈሩ ላይ ነው። በሬ መጥመድ፣ ዕርፍ መጨበጥ፣ ዘር መበተን የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ኖሯል። ሴቷ ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ ዘሩን ከጎተራ አውጥታ የምትሰፍረውም እሷ ናት። በብዙ ቦታ ግን ዐውድማ መርገጧ እንኳ በረከት ያርቃል ይባል ነበር። ስለዚህ ባል የሌላት ሴት የቱንም ያህል መሬት ቢኖራት፣ ጦም እንዳያድርባት ወይ ታገባለች፣ ወይ ልጇ እስኪጎረምስ ትጠብቃለች፣ ወይ እኩል አራሽ ፈልጋ ምርቷን ትካፈላለች። በዚህ አገር፣ በዛሬው ደቡብ ጎንደር፣ ሀብት የነበራቸው ሴቶች የራሳቸውን ኑሮ ለመኖር ለምን ያን ያህል መታገል እንዳስፈለጋቸው የሚገባን ይህን ስናይ ነው።

የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ የሚመዘገበው በአብያተ ክርስቲያናት ነበር፤ በወንጌሉ ህዳግና ባዶ ገጽ ላይ፣ ከምስክሮቹና ከዋሶቹ ስም ጋር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ የነበሩ የበጌምድር ሴቶችን ንብረትና ሙግት ተከታትሏል። በመዝገቡ ውስጥ ሴቶቹ ሲወርሱ፣ ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲከሱና ሲከሰሱ ይታያሉ። ከወንዶቹ ጋር እኩል አልነበሩም፤ ሹመቱም ጦሩም የወንድ ነበርና። ነገር ግን በወንጌል ህዳግ ላይ ስሟ የሰፈረ ሴት ሰው ሆና፣ ባለጉዳይ ሆና ተቆጥራለች ማለት ነው።

ጋብቻውም እንዲሁ ሁለት መልክ ነበረው። የመጀመሪያው ትዳር የወላጅ ነው፤ ልጅቱ ገና በልጅነቷ ሳትጠየቅ ትሰጣለች። ይህ በደል ነው፤ ባህል ነውና ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። በሰማንያ የተዳረች ሴት ግን መፍታት ትችላለች፤ ስትፈታም አብረው ያፈሩትን ንብረት እኩል ትካፈላለች። የብዙ ሴቶች እውነተኛ ምርጫ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ፈት ሆና ዘመድ ቤት የምትገባ አለች፤ የወደደችውን የምታገባ አለች፤ ወደ ከተማ ወርዳ ጠላ ጠምቃ፣ ጠጅ ጥላ ቤቷን የምታቆም አለች። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ መርሳ ዘመን ጀምሮ የመኳንንትና የጦር መናኸሪያ ሆና ስትቆይ፣ ያን ሁሉ ሠራዊት አብልተውና አጠጥተው ያሳደሩት ሴቶች ናቸው። የሥራቸው ታሪክ በቅጡ አልተጻፈም።

ከሁሉ በላይ የተጻፈላት ግን መነኩሲቷ ወለተ ጴጥሮስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1592 ከታላላቆች ወገን ተወልዳ፣ የዓፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አዛዥ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ያ ታላቅ ቤት ለእሷ ቤት መሆኑ ቀረ። መነኮሳት ረድተዋት አንድ ጊዜ አመለጠች፤ ባሏ ጦር ይዞ ሲፈልጋት፣ በእሷ የተነሣ አገር እንዳይጠፋ ብላ ተመለሰች። በመካከሉ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ሆኖ የካቶሊክን እምነት ሊያውጅ ሲነሣ የተቃወሙት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፤ በዚያ ጦርነት ባሏ ከንጉሡ ጎን ነበር። ይህን ስታውቅ ከእሱ ጋር መኖር በቃኝ አለች። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

እሷ እንግዲህ ርስትም አላጣችም፣ ጌጥም አላጣችም፣ አገልጋይም አላጣችም። የተወችው ሁሉ የሞላበትን ኑሮ ነው። ገድሏ እንደሚለው ወይዘሮይቱ ከገረዶች ጋር ወርዳ እህል ትፈጭ፣ ውሃ ትቀዳ ጀመር። የወፍጮን ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ተንበርክኮ፣ መጁን በሁለት እጅ ይዞ፣ ጀርባ እስኪቆረጥ መግፋት ነው። ከዚያ ንጉሡን በይፋ ተቃወመች፤ ተይዛ ቀረበች፤ ዘበይ ወደተባለ ቆላ ሦስት ዓመት ተጋዘች። ተሳዳጆች በዙሪያዋ እየተሰበሰቡ ሄደው ማኅበር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ፣ ወለተ ጴጥሮስ ወንዶችና ሴቶች የሚኖሩባቸው የበርካታ ማኅበራት እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1642 በሃምሳ ዓመቷ ዐረፈች። ከስደቱ ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ አመራሩን ወረሰች።

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዛሬው የደራ ወረዳ የሚገኘው የቋራጣ ገዳም የእሷ ነው፤ ለረጅም ዘመንም ጥፋተኛና ተሳዳጅ የሚማጠንበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩና የገድሉ ወለተ ጴጥሮስ ቁጡ፣ ቆራጥ፣ አንዳንዴም ጨካኝ ናት። ጸሐፊው አላለሳለሳትም። መጽሐፉን ዛሬም ሕያው ያደረገው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መንኖ ነጻ መውጣት አንድ መንገድ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ሥልጣን ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነበር። ከወሎ የመጡት እቴጌ መነን ሊበን፣ ልጃቸው ራስ አሊ ገና ለአካለ መጠን ሳይደርሱ እንደራሴ ሆነው አገር ገዙ። ራስ አሊ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው ሲቆዩ እናትየው የራሳቸውን ጦር ያዝዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1847 በካሣ ኃይሉ፣ በኋላው ዓፄ ቴዎድሮስ ላይ ራሳቸው ዘምተው ተማረኩ። የልጅ ልጃቸው ተዋበች አሊ ለዚሁ ለካሣ የተዳሩት እሱን በዝምድና ለማሰር ነበር። ተዋበች ግን ባላቸውን ወደዱ። አባታቸውና ባላቸው ሲዋጉ ከባላቸው ጋር ቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1858 እስኪሞቱም ከጎናቸው አልተለዩም። የቤተ መንግሥት ሰዎች ለፖለቲካ የሠሩትን ጋብቻ አንዲት ሴት የገዛ ራሷ ሕይወት አደረገችው።

የንግሥት ዘውዲቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያሳዝናልም። መስከረም 1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደረገ። እሳቸው አዲስ አበባ ዙፋን ላይ፣ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር በጌምድርን እያስተዳደሩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ራስ ጉግሣ ሸፈቱ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ የመንግሥት አውሮፕላን ጭምር በዘመተበት ውጊያ ወደቁ። ታመው የነበሩት ንግሥት በሁለተኛው ቀን አረፉ። የኢትዮጵያን ዘውድ የደፋች ሴት ባሏን በቤቷ ማኖር አልቻለችም። ታሪካችን ይህን እንደ መንግሥት ጉዳይ ብቻ ሲተርክ መኖሩ ይቆጫል።

ከዙፋኑም ከገዳሙም ውጪ የቀረችው ሴት በእጇ የነበረው እንዝርት ነው። እንዝርት ወይዘሮ ከባላገር አይለይም፤ እመቤቲቱም ትፈትላለች፣ ገረዲቱም ትፈትላለች። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ በግራ እጇ ባዘቶውን እየለቀቀች በቀኟ እንዝርቱን በጭኗ ላይ ታሾረዋለች፤ ክሩ ሲቀጥን ልቧ ይሞላል፣ ሲበጠስ ጫፉን በምራቋ አርሳ ትቀጥለዋለች። ልቃቂቱ ሲሞላ ግን ሥራው ከእጇ ይወጣል። ሽመናው የወንድ ነውና ሸማኔ ጋ ይሄዳል። ሸማኔው ደግሞ በዚያ ዘመን መሬት የተነፈገ እስላም ወይም ቤተ እስራኤል ይሆንና፣ ሸማውን እየለበሱ ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» ብለው ይሰድቡት ነበር። ሴቷ ከመወርወሪያው፣ ሸማኔው ከርስቱ እንዲህ ተለይተው ኖሩ።

የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ለወንድም ለሴትም መሬት ይሰጣል ብሎ ነበር። ያው አዋጅ ግን ማንም ሰው መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነጻ አደረጋት። ለደግነት የተጻፈ ነው። ያም ሆኖ አብዮቱ እንኳ ሴት ታርሳለች ብሎ አላሰበም። በተግባርም መሬቱ በየገበሬ ማኅበሩ በአባወራው ስም ተመዘገበ፤ የደጋዋ ሴት ከእናቷ የወረሰችውን ስም አጣች፣ ሞፈሩንም አላገኘች።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት በግልጽ የተነሣው ማኅበረሰብ የተወለደው እዚያው ደቡብ ጎንደር ነው። የአውራ አምባ መሥራች ዙምራ ኑሩ የእስቴ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ያዩትን ደጋግመው ተናግረዋል፤ እናትና አባት አብረው እርሻ ውለው ይመለሳሉ፤ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የባላቸውን እግር ያጥባሉ፣ ሥራው ሳያልቅ ሲቀርም አባት ይቆጧቸዋል። ልጁ «እናቴ ምን በልጣ ነው ሁለት የምትሠራው?» ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ፤ ቤተሰቡም አእምሮው ታውኳል አላቸው። አድገው ጥያቄያቸውን ይዘው አገር ዞሩ፤ በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ገበሬዎች ጋር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባን መሠረቱ።

እዚያ ሴት በሬ ጠምዳ ታርሳለች። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ጥጥ ይፈትላል። የሥራ ክፍፍሉ በፆታ ሳይሆን በችሎታ ነው። ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አያገቡም፤ ሠርግ ተብሎ ድግስ አይደገስም፣ ተጋቢዎቹ ፈርመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጎረቤቶች በመጀመሪያ ይህን እንደ ድፍረትም እንደ እብደትም አዩት። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ስደቱ ሲበረታባቸው ማኅበረተኞቹ ወደ ቦንጋ ሸሹ፤ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ የቀድሞ መሬታቸው አብዛኛው በሌሎች እጅ ነበር። የተረፋቸው ከአሥራ ስምንት ሄክታር ያነሰ፣ ለሁሉም የማይበቃ መሬት ነው።

ያ ማጣት ወደ ሽመና ወሰዳቸው። የተናቀውን ሙያ የማኅበሩ መተዳደሪያ አደረጉት፤ መርገጫውን ሴቶች ረገጡ፣ መወርወሪያውን ያዙ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ሠርተው ይሸጣሉ። ለዘመናት በሁለት የተከፈለው ሥራ፣ ፈትሉም ሽመናውም፣ ከአንዲት ሴት እጅ ሳይወጣ ልብስ ሆነ። አውራ አምባ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ስለሌለው ብዙ ሰው ይከራከርበታል፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። የዕርፉን ጉዳይ ግን ማኅበሩ ስብከት ሳያበዛ ሠርቶ አሳይቷል፤ ሴት ስታርስ በረከት አልራቀም።

ከአውራ አምባ ውጪ ለውጡ የመጣው በወረቀት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ፈቶችና ባል የሞተባቸው ሴቶች በስማቸው ይዞታ አገኙ። ከዚያ በኋላ የመጣው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዟል፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133ም የሴቶችን የይዞታ መብት አጸና። በወንጌል ህዳግ ላይ የነበረው ስም በመንግሥት መዝገብ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በእስቴም በጋይንትም ብዙ ባለደብተር ሴቶች በሬም አራሽም ስለሌላቸው መሬታቸውን ዛሬም ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፤ አጨዳ ሲደርስ የምርቱ ግማሽ ከደጃቸው ይሄዳል። ፎገራ ላይ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ አረሙ በዝቷል፤ አረም ደግሞ ከጥንትም የሴት ድርሻ ነው።

አውራ አምባዎች የእህል ወፍጮ አላቸው። ድሮ በአንድ ጉድጓድ ውሃ አብረን አንቀዳም ይሉ የነበሩት የአካባቢው ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው፣ በአህያ ጭነው ወደዚያ ይመጣሉ፤ ወረፋቸውን እየጠበቁ የሽመና ቤቱን ሴቶች ይመለከታሉ፣ የጋቢውን ዋጋ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹም ክሩ እንዴት እንደሚደወር ያጠያይቃሉ።