ተማሪው ከግቢ ሲወጣ

በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ዘመን ደፋር የሆነ ውሳኔ ወሰነ። የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ከግቢ ወጥቶ አገሩን ያገለግላል የሚል ነበር። ስሙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲሆን፣ በተማሪው አፍ ግን «ሰርቪስ» ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1957 መግቢያ ላይ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄዱ። አብዛኞቹ መምህር ባጠራቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ጥቂቶቹ በጤናና በግብርና መሥሪያ ቤቶች ገቡ። ከሁለት ዓመት በፊት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ማስተማር ጀምረው ስለነበር፣ «የእኛስ ልጆች?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም።

ይህ ውሳኔ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አልተሰጠውም ብዬ አምናለሁ። የዚያ ትውልድ ነገር ሲነሣ ሰልፉ፣ ግጥሙና ንግግሩ ይቀድማል። ሰልፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣት መሪነትን ሲማር ሁለት ዓይነት አስተማሪ ያስፈልገዋል። አንዱ የሚያጨበጭብለት ጓደኛው ነው። ሁለተኛው «አይሆንም፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚመልሰው፣ ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ነው። ሰርቪስ የሰጠው ሁለተኛውን ነበር።

እስቲ ያን ወጣት እናስበው። ትናንት ምሳ ለመብላት ትሪ ይዞ ይሰለፍ የነበረ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዛሬ ጎሬ ወይም ጎባ ወይም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሟል። ከተማሪዎቹ መካከል በዕድሜ የሚስተካከሉት አሉ፤ የሚበልጡትም አይጠፉም። ጠመኔ ሲያልቅ የሚጠይቀው ዳይሬክተሩን ነው። ልጁ ትምህርት ያቋረጠበት ገበሬ በገበያ ቀን ሲመጣ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። ማታ በኩራዝ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ጠዋት ውጤቱን ለወላጅ ያስረዳል። ሰው ሁሉ «መምህር» እያለ ይጠራዋል፤ ሊቀልድበት የማይችል ስም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጭሰኛው በመጽሐፍ ያነበበው ነገር አሁን ቤት ካከራየችው ሴትዮ ወንድም ሕይወት ጋር ይገጥምለታል፤ አንዳንዴም አይገጥምለትም። የተማረው ነገር ያልገጠመለት ዕለት ማደግ ጀመረ ማለት ነው።

ይህ ነገር ባዶ መሬት ላይ አልበቀለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ረድ የሆነው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ የቆሎ ተማሪው ምግቡን ከመንደሩ ለምኖ ይበላል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተማሪም፣ አስተማሪም፣ አገልጋይም ነው። ዘመናዊው ኮሌጅ ሲመጣ ይህ ትስስር ተቆረጠ። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪውን አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ የኪስ ገንዘብ ሰጥቶ ያስተምር ነበር። ለዚያ ጊዜ ልክ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ የድሃ ልጅ ሌላ ማደሪያ የለውም። ግን ተማሪው ከአገሩ ሕዝብ ጋር የሚገናኘው በበዓልና በክረምት ብቻ ሆነ።

መሪነትን የተለማመደውም በዚያው በግቢው አጥር ውስጥ ነበር፤ በተማሪዎች ምክር ቤት፣ በክርክር ክበብ፣ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር። በ1950 ዓ.ም. ከአክራው ጉባኤ በኋላ መንግሥት ለአፍሪካ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገሮች የመጡት ወጣቶች ለኢትዮጵያውያኑ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ማኅበር እንዴት እንደሚመራ ያውቃሉ፤ ባለሥልጣን ፊት ሳይንቀጠቀጡ ይናገራሉ። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሣ «ድሀው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ። ርእሱ ራሱ ጉዳዩን ያሳያል፤ ተማሪው በድሃው ስም መናገር ጀምሯል።

1957 ለዚህ ነው ልዩ ዓመት የሚሆነው። የመጀመሪያዎቹ የሰርቪስ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ጠመኔ ይዘው በቆሙበት ዓመት፣ በየካቲት፣ ጓደኞቻቸው አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። በግንቦት 1958 ደግሞ ለማኞች ታጉረው የነበሩበትን የሾላ ካምፕ ሁኔታ ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ተሰለፉ። ከእነዚህ ሁሉ ሰልፎች የሾላው ይበልጥብኛል። መነሻው ከንድፈ ሐሳብ በፊት በዓይን የታየ የሰው መከራ ነበርና።

ኖርዌያዊቷ ራንዲ ባልስቪክና ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ተማሪው ንቅናቄ በጻፏቸው መጻሕፍት ሰርቪስም ይገኛል። ሰርቪስ የወጣው ተማሪ የግቢውን ሐሳብ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች አደረሰ፤ ከክፍለ ሀገርም ያየውን ይዞ ተመለሰ። በ1960ዎቹ የተማሪው ጥያቄ ከስድስት ኪሎ አልፎ በየአውራጃው የሚሰማ የሆነው በዚህም መንገድ ነው። መንግሥት ወጣቱን እንዲያገለግል ልኮት፣ ወጣቱ አገሩን አውቆ ተመለሰ።

የመድረኩ መሪነት ግን ዋጋው ከባድ ነበር። ጥላሁን ግዛው በመጀመሪያው ሙከራው ተሸንፎ፣ በ1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከተመረጠ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ምሽት፣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ከበው በነበሩት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ጦር ስድስት ኪሎ ገብቶ ተኮሰ። ተሸንፎ እንደገና መወዳደር፣ ተመርጦም ለመረጠው ሰው መቆም ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ የእሱ ትውልድ ያን በሚገባ ተምሯል። ያልተማረው ሥራን ለተከታይ ማስረከብን ነው። እስር፣ ስደትና ሞት ፋታ አልሰጡትም።

ከዚያ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ዘመቻው መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችንና መምህራንን፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 ሰው፣ ወደ ገጠር አዘመተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ተማሪው ለዓመታት ሲጮህለት የነበረው ነገር ሕግ ሆኖ እጁ ላይ ወደቀ።

አዋጁን በወረቀት ማንበብ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው መሬት ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ ይቋቋማል። በድሮው ልክ ሩብ ጋሻና ሃያ ጋሻ መሆኑ ነው። አሁን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ዘማች ወስደህ አንድ ቀበሌ መሀል አቁመው። ገበሬው መሬቱን የሚቆጥረው በጥማድ ነው። ወንዙ ድንበሩን በየክረምቱ ያንቀሳቅሰዋል። ባላባቱ ጠመንጃ አለው፤ የወረዳው ፖሊስ ደግሞ የባላባቱ ዘመድ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲመረጥ ሕዝቡ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሽማግሌ ሽማግሌውን ያያል። ዘማቹ «ድሃውን ምረጡ» ይላል፤ ሰዎቹ «የሚያዋጣንን እኛ እናውቃለን» ይላሉ። በደቡብ፣ ጭሰኛው በበዛበት፣ አዋጁ እልልታ ነበር። በሰሜን፣ ርስት ባለበት፣ ገበሬው «የአባቴን መሬት ማን ሊሰጠኝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመደብ ትንታኔ ተምሮ ለሄደ ወጣት ከባድ ጥያቄ ነበር።

ለመስማት የታገሡ ነበሩ። የፊደል ገበታ ሰቅለው ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ አስተማሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ክሊኒክ ሠሩ። ያልታገሡም ነበሩ። በጅማ አካባቢ ዘማቾች ከባለሥልጣናትና ከባለመሬቶች ጋር ተጋጩ፤ ደም ፈሰሰ። ሌሎች ደርግ ከጠበቀው በላይ ርቀው ሄደው ገበሬውን ሊያስታጥቁ ሞከሩ። ዘመቻው በ1968 ሲያበቃ ከጣቢያው የጠፋው፣ ድንበር የተሻገረው፣ ኅቡዕ የገባው ጥቂት አልነበረም፤ ብዙዎቹን ደግሞ ቀይ ሽብር በላቸው። ዘመቻውን በጅምላ የሚያወድሱትም ሆነ በጅምላ የሚያወግዙት አይገቡኝም። ያ ልጅ ከዚያ በፊት ማንም ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያልተሸከመውን ኃላፊነት ተሸክሞ፣ ለማን እንደሚጠየቅ ሳይነገረው ነው የተላከው። አዛዡ የደርግ መኮንን ነበር፤ ልቡ ከገበሬው ጋር ነበር፤ የሚያነበው የፓርቲ ወረቀት ነበር። በሰርቪስ ጊዜ የነበረው ዳይሬክተር፣ የትምህርት ሰዓትና የወላጅ ጥያቄ፣ ያ ትንሽ ልጓም፣ እዚህ አልነበረም።

ልጓሙን ይዞ የቀጠለ ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ወሬው ያነሰ፣ ዕድሜው የረዘመ። በ1945 እና 1946 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ፣ በተለይ በደምቢያ፣ የወባ ወረርሽኝ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት ሰልጥነው፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር፤ ገጠር ላይ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ተማሪ ሳሉ አብረው ይልመዱ ነው ነገሩ። በ1975 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ይህን ሐሳብ ይዞ አሰፋው። የጅማ ተማሪ ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ በተለያዩ ዓመታት እየተመላለሰ ችግር ያጠናል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ይሠራል፣ ውጤቱን ይመዝናል። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህ አሠራር ከጤና ውጭ ላሉ ትምህርት ክፍሎች ደረሰ።

ቡድኑ ውስጥ የሚሆነውን ልብ ብሎ ያየ ሰው መሪ እንዴት እንደሚሠራ ያያል። አስተባባሪ ይመረጣል። መጠይቁን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር አለ፤ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ሳይጠይቅ ይሞላል። አስተባባሪው ጓደኛውን መገሠጽ አለበት፤ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። አንዲት እናት «ባለፈው ዓመት የመጡት ልጆችም ይህንኑ ጠይቀውን ሄደው ቀሩ» ስትለው የሚመልሰው ያጣል። ከዚያ ቀን በኋላ መጸዳጃ ጉድጓዱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ አይተኛም፤ ወይም ደግሞ ሪፖርቱን አሳምሮ ጽፎ ውጤቱን ይወስዳል። ሁለቱንም ዓይነት ተማሪ የሚያወጣው አንድ መርሐ ግብር ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው መምህሩ ቀበሌው ድረስ መውረድ አለመውረዱ ነው።

በ1983 ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ወሰደ። የእርስ በርስ ጦርነቱ መጨረሻ ስለነበር ውትድርናው ብዙም አልቆየም። ነገር ግን ከተለያየ ግቢ የመጡ ወጣቶች እዚያ አብረው ሲጸልዩ የተጠነሰሰው ነገር ብዙ ሳይቆይ ማኅበረ ቅዱሳን የተባለው የኦርቶዶክስ ማኅበር ሆነ። ይህን የማነሣው አንድ ዝንጉ የሆንበትን ነገር ስለሚያሳይ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው እውነተኛ የመሪነት ልምምድ ከተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ይልቅ በግቢ ጉባኤው፣ በጀመዓው፣ በወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት፣ በቀይ መስቀልና በሌሎች ክበቦች ውስጥ ነው የሚገኘው። በአዲስ ተማሪ መግቢያ ሰሞን መናኸሪያ ወርደህ እይ። ከሌሊት ጀምሮ ወረቀት ከፍ አድርገው የቆሙ ልጆች አሉ። ከጎዴ ለመጣው ሻንጣ ይሸከማሉ፤ ከወልድያ የመጣችውን ዶርም ያደርሳሉ፤ ገንዘብ ለጠፋበት ያዋጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ነጥብም አይቆጠርላቸውም። ተማሪ ከተወለደበት ክልል ርቆ በሚመደብበት አገር ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ፖለቲካው ግቢ ውስጥ ብሔር ከብሔር ሲያጋጭ፣ ተማሪውን በየዶርሙ ደብቀው ያተረፉት ከእነዚሁ ዓይነት ልጆች መካከል ነበሩ።

ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ የማደርገው ግን በሕግ ትምህርት ቤቶቹ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነው። የቀለብ፣ የውርስ፣ የሥራ ስንብት ጉዳይ ይዞ የሚመጣው ሰው ጠበቃ የሚቀጥርበት የለውም። ተማሪው በመምህሩ ክትትል ያዳምጠዋል፣ አቤቱታ ይጽፍለታል፣ ቀጠሮውን ይመዘግባል። ፍርድ ቤት ለተማሪ ፈተና ብሎ ቀጠሮ አያራዝምም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጉዳዩ አያልቅም፤ ስለዚህ ተማሪው መዝገቡን አዘጋጅቶ፣ የቀረውን ጽፎ፣ ባለጉዳይዋን ለተተኪው አስተዋውቆ ያስረክባል። የጥላሁን ትውልድ ፋታ ያጣለት፣ ዘማቹ ሳይማረው የተበተነው፣ የጅማዋ እናት የጠየቀችው ነገር ይኸው ርክክብ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ነጥብ ሲሰጥ፣ ከሪፖርቱ ውበት በፊት ተተኪው ተማሪ የተረከበውን መዝገብና ቀበሌው የፈረመበትን ገጽ ይጠይቅ፤ ደንቡን ለመቀየር የሚያስፈልገው አንድ የሴኔት ስብሰባ ብቻ ነው።