ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የሴቷ ማገገም ለምን ይከብዳል?

የልብ ቀዶ ሕክምና ፈር የተቀደደው በሴቶች ደረት ላይም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዶክተር ጆን ጊበን በፊላዴልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካውን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ሲጠቀሙ፣ ታካሚያቸው የ18 ዓመት ወጣት ሴት ነበረች። በ1967 አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር በተወሰደ ደም ሥር የተዘጋውን የልብ ቧንቧ በባይፓስ ቀዶ ሕክምና መጠገን ሲጀምሩም የመጀመሪያዋ ታካሚ የ51 ዓመት ሴት ነበረች።

የሕክምናው ጥቅም በጥናት ሲመዘን ግን ሴቶቹ ከመዝገቡ ጠፉ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ያጠኗቸው 686 ታካሚዎች በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ በአውሮፓ በተካሄደ ሌላ ጥናት የተካተቱት 768 ታካሚዎችም እንዲሁ። የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋማት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት የልብ ሐኪም በርናዲን ሂሊ በ1991 ይህን አድልዎ በይፋ ተቹ። በ1993 የወጣው ሕግም በተቋማቱ ገንዘብ በሚካሄዱ ጥናቶች ሴቶች እንዲካተቱ አስገደደ።

በሴቶችና በወንዶች የሕክምና ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ግን ዛሬም አልጠበበም። ከባይፓስ በኋላ ሕይወታቸው የሚያልፍ ሴቶች ድርሻ ከወንዶቹ ይበልጣል። ብዙዎቹ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ስኳርና የደም ግፊት ተደራርቦባቸው ነው፤ የልባቸው ቧንቧም ቀጭን ስለሆነ ስፌቱ ይከብዳል። ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ የጡት ክብደት የደረቱን ስፌት እየጎተተ ያሳምማል። ደግፎ የሚይዝ ምቹ ጡት መያዣ ሕመሙን ያቀልላል፤ ይህን ቀላል ምክር ግን ሁሉም ሐኪሞች አይነግሯቸውም። የድብርት ስሜት ይበረታባቸዋል፤ ወደ ማገገሚያ ሥልጠና የሚላኩትም ከወንዶች ያነሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሥራ ነው። የተሰነጠቀው የደረት አጥንት እስኪገጥም ሁለት፣ ሦስት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ከአምስት ኪሎ ያልበለጠ ዕቃ ብቻ ማንሳት ይመከራል። ውኃ የሞላ ጀሪካን ግን 20 ኪሎ ይመዝናል። ባል ሲታከም ሚስት ታስታምመዋለች፤ እሷ ታክማ ስትመለስ ግን ምጣዱም፣ ጀሪካኑም፣ ልጁም እሷን ይጠብቃሉ።

እኛ ሴትን ማሳረፍ እናውቅበታለን። አራስን እስከ ክርስትናው 40 ወይም 80 ቀን ከሥራ አግልለን፣ ገንፎ አገንፍተን፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ እንንከባከባለን። ደረቷ ተከፍቶ ለተሰፋች ሴትም ይኸው ወግ ይገባታል። ሐኪሙም ሲያሰናብታት የቤቱን ሥራ ማን እንደሚሸፍንላት ይጠይቅ፤ ባልና ልጆችም ሥራውን ተከፋፍለው ይጠብቋት።